የባፉር ቀኝ እጅ

ባፉር የሰደበኝ በእናቱ ለቅሶ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ለሐዘኑ ቀይና ጥቁር በለበሰው ሕዝብ ሁሉ ፊት ነው። የፍየል ሥጋ ሳድል፣ «ንያርኮን ከትሪው አርቁት፣ እጁ አመለኛ ነው!» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልረሳሁም።

በዓመቱ፣ አለቃ በሆነበት እንጨት መሰንጠቂያ፣ መጋዙ ቀኝ እጁን ከአንጓው ቆርጦ ጣለው። ባለታክሲው ሁሉ ወንበሬን ደም ያበላሽብኛል ብሎ እምቢ ሲል፣ ሠራተኞቹ ወደ እኔ ታክሲ ሮጡ። ለደም ጊዜ ንያርኮ ይታወሳል።

ጤና ጣቢያው ስደርስ ነርሷ ክንዱን ጥብቅ አድርጋ እያሰረች ነበር። የተቆረጠውን እጅ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በላስቲክ ቋጥራ፣ ሳጥን ውስጥ አድርጋ ሰጠችኝ።

«ዙሪያውን በረዶ አድርግበት፤ በረዶው ሥጋውን እንዳይነካው፣ ይገድለዋል። ቶሎ ከደረሳችሁ ኩማሲ ሆስፒታል ይሰፉለታል።»

«ለምን ለሱ ትሰጪዋለሽ?» አለ ባፉር፣ ከንፈሩ ነጥቶ።

«እንግዲያው ራስህ ተሸከመው» አልኩት።

«ዕድሜ ልኬን ሰውን በግራዬ ልጨብጥ? በግራዬ ልብላ?» ብሎ አለቀሰ። በእኛ ዘንድ ግራ እጅ የዘረጋ ሰው ተሳደበ ማለት ነው።

ባፉርን መኪናው ውስጥ ትቼ፣ ሳጥኑን ይዤ በረዶውን ከዓሣ ሻጯ ከኤፉዋ ገዛሁ። «ዓሣህ የታለ?» ብላ ሳጥኑን በጎሪጥ አየችው። ብነግራት ትጮህብኝ ነበር፤ ሀብታም ለሚያደርግ መድኃኒት ብለው የሰው አካል የሚፈልጉ አሉና።

ያው የፈራሁት ኬላ ላይ ደረሰ። ፖሊሱ ሳጥኑን ከፍቶ ላስቲኩን ፈትቶ ጨርቁን ሲገልጥ ጣቶች ታዩ። መንገድ ዳር የነበሩ ዳቦ ሻጮች «ነፍሰ ገዳይ!» እያሉ መኪናዬን ከበቡት። አንዱ ድንጋይ አነሳ።

«የማን ነው?» አለ ፖሊሱ።

«የኔ» አለ ባፉር ከኋላ፣ የታሰረ ክንዱን ወደ ላይ እንደያዘ።

«ሰውዬውስ ምንህ ነው?»

ጠበቅኩ። ጎረቤቴ ቢል ይበቃኝ ነበር።

«ሾፌር ነው። በረዶ ልግዛ ብሎ ለብቻው ይዞት ሄዶ ነበር፤ እስቲ ጣቶቹን ቁጠሩልኝ።»

ፖሊሱ ከት ብሎ ሳቀ። «አምስት ናቸው አባቴ! ሂዱ፣ ሂዱ!» እኔ አልሳቅኩም። መኪናዋ እስክትንቀጠቀጥ ነዳሁ። የኩማሲ ሐኪሞች በጊዜ ደርሳችኋል አሉና ሰፉለት።

የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ መናኸሪያ አገኘሁት። ከሰው መሀል ተነሥቶ ቀኙን ዘረጋልኝ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ጨበጥኩት። እጁ እንደ ኤፉዋ ዓሣ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጣቶቹ ቀስ ብለው ያዙኝ።

«ቀዘቀዘህ አይደል?» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። «ሲነኩኝ አይሰማኝም። የኔ እጅ እንዲህ አልነበረም። በረዶ ልትገዛ ስትሄድ ከማን ጋር ለወጥከው?»

የሳቀ የለም። ሁሉም እጄን ያዩ ነበር።

ጣቶቹን ከእጄ አላቅቄ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።