ቀማሽ ያጣ ድስት

ወርቅውሃ ድስቱን ከጣደች ጀምሮ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። ታማስላለች፣ ማማሰያውን ትታ ወደ በሩ ትሄዳለች፣ ጆሮዋን ወደ መኝታ ክፍሉ ጣል አድርጋ ትመለሳለች። እዚያ የተኙት የአሠሪዋ የሀምሴ አባት፣ አዛውንቱ ኦብሲዬ ናቸው። ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ እህል የሚባል አሻፈረኝ ብለዋል። ሾርባ ሲመጣ ፊታቸው ወደ ግድግዳ፤ ሩዝ ሲመጣ ፊታቸው ወደ ግድግዳ። ዛሬ ጠዋት ግን ድንገት፣ "ፖሌንታ ቢሆን" አሉ። በጉልምስናቸው ጣልያን አገር ጫማ ፋብሪካ ሲሠሩ የለመዱት የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ፎርማጆ የሚቀልጥበት።

ሀምሴ ከኮድቡር ሰፈር ሱቆች አንዱ ዘንድ ሮጣ ፎርማጆውን ይዛ መጣች። ይዛ መጣችና፣ "ይህንን እንቢ ካሉ የከሰዓቱ አዛን እንዳለ ወደ ሆስፒታል እመልሳቸዋለሁ። ለሳማታር ባጃጅህን ይዘህ ና ብዬዋለሁ" አለች።

"አባዮ፣ እዚያ ከምመለስ እዚሁ ልሙት አላሉም?" አባዮ በአሠሪዎቿ አገር ቋንቋ እህቴ እንደማለት ነው።

"ብለዋል። ታዲያ ቆሜ ልያቸው?"

መቼም ለገንፎ ወርቅውሃን ማን ይበልጣታል። እንዳገሯ ዱቄቱን ባንዴ ልትሞጅረው ስትል፣ አዛውንቱ ጠዋት "እንደ ካፊያ ይውረድ" ያሏት ትዝ አላትና በጣቶቿ መሀል አንጠባጠበችው። ሳይጓጉል ተያያዘ፤ ቅቤው ገባ፤ ፎርማጆው ተፈቅፍቆ ገባ፤ ድስቱ ቢጫ ሆኖ ተንተከተከ። ይኼኔ ነው ክው ያለችው። ጨዉን እንደ ልማዷ ውሃው ላይ ቆንጥራ ጨምራለች፤ ፎርማጆውም ለካ የራሱ ጨው አለው።

እንዳትቀምሰው ሁዳዴ ነው። ሀምሴን ጠራቻት።

"ረመዳን መሆኑን ረሳሽው?"

"ምላስሽን አስነክተሽ ትፊዋለሽ። ባለፈው ሾርባውን እንዲያ አልቀመስሽም?"

"ባለፈው የሌሊቱን ሱሁር በልቼ ነበር። ዛሬ እንቅልፍ ይዞኝ አለፈኝ። ምላሴን ካስነካሁት እውጠዋለሁ፣ እኔ ራሴን አውቃለሁ።"

በደጅ የባጃጅ ክላክስ ጮኸ።

"ሳማታርስ?"

"እሱም ጾመኛ ነው" አለች ሀምሴ፣ እየሳቀችም እየተናደደችም።

ወርቅውሃ ትንሽ በጎድጓዳ ሳህን ጨለፈችና ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች።

"አዴር" አለች፤ በአገሩ ወግ አጎቴ ማለቷ ነው።

"አልበላም፣ አንቺ ልጅ። አምሮቴ አለፈ።"

"ማን ብሉ አለዎት? ቅመሱልኝ ነው ያልኩት። የእኔ ምላስ ጾም ላይ ነው፣ የሀምሴም ጾም ላይ ነው። እዚህ ቤት ሥራ የፈታ ምላስ የእርስዎ ብቻ ነው።"

አዛውንቱ ዓይናቸውን ገለጡ። "ሥራ የፈታ አትበይኝ። በሽታ ነው ከጾሙ ያስቀረኝ።" ማንኪያውን ነጠቁና ቀመሱ። "ጨው በዝቷል።"

ሮጠች። ትኩስ ወተት ጨምራ አማሰለች፣ መጣች።

"አሁን ደግሞ ፎርማጆው ጠፋ።"

ሮጠች። የቀረውን ፈቅፍቃ መጣች።

"በወጉ አልተማሰለም፤ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ስንፍና ነው።"

ስንፍና የተባለችው ወርቅውሃ ትከሻዋ እስኪዝል አማሰለች። በየመሀሉ ክላክሱ ይጮሃል። ሳህኑ ሲመለስ ባዶ መሆኑን እንኳ ልብ አላለችም፤ የምታስበው ጨዉን ነው። አዛኑ ተሰማ። የመጨረሻውን ጨልፋ ስትገባ ሀምሴ የአባቷን ጋቢና ቦርሳ ይዛ ተከትላት ገባች።

"አባ፣ እንነሳ።"

አዛውንቱ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አስደግፈው ማንኪያቸውን አነሱ። "ቆይ እንጂ። እየቀመስን አይደል?"

ሀምሴ ሳህኑን አየች። አባቷ አገጭ ላይ የቀረችውን ቢጫ ጠብታ አየች። ከዚያ ጋቢውን እግራቸው ላይ ጣል አደረገችና ቦርሳውን እንደያዘች ሳማታርን ልታሰናብት ወጣች።

ወርቅውሃ አሁንም በአንድ እግሯ ቆማለች። "ጨዉስ አዴር? ተስተካከለ?"

"ምኑ ይስተካከላል" አሉ አፋቸው እንደሞላ። "ነገ ጨዉን መጨረሻ ላይ ነው የምትጨምሪው። ሳትጨምሪ በፊት ግን አምጪና አስቀምሺኝ።"