የአባዬ አውራ ጣትና የሙሽሪት ጨርቅ

ስሙኝማ፣ ይሄን ሳልናገር ካደርኩ እፈነዳለሁ! አባዬ መቀሱን ሰጠኝ። ለኔ! ትልቁን መቀስ! ቆይ ቆይ፣ እንዲህ ከጀመርኩ አይገባችሁም፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከቤታችን ስር ነው፣ ሦስት የድንጋይ ደረጃ ወርዳችሁ በሩን ታገኙታላችሁ። ውስጡ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ደንበኛ ሁሉ ተቀምጦበት የሚደነግጥ አንድ የሚንገዳገድ ወንበር። መስፋቱን ለማንም ይሰጣል፤ እማዬ ቁልፍ ትተክላለች፣ እህቴ ጠርዝ ትቀመቅማለች። መቁረጥ ግን የሱ ብቻ ነው። ያቺን ትልቅ ጥቁር መቀስ ማንም አይነካትም። አንዴ ስድስት ዓመቴ እያለ ወረቀት ልቆርጥባት ብዬ የሰማሁት ቁጣ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እና ታላቅ እህቴ ልታገባ ነው! ከተጠየቀች ጀምሮ ስሟን ትተን «ሙሽሪት» ነው የምንላት። ሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቬሎዋን ማን ይቆርጣል? አባዬ ነዋ! ከተወለደች ጀምሮ እሱ ያልቆረጠው ቀሚስ ለብሳ አታውቅም።

እኔ ደግሞ የእጅ ኳስ በረኛ ነኝ፣ ቤትም «በረኛዋ» ነው የምባለው። ከሁለት ሳምንት በፊት ኳስ ላድን ዘልዬ በግራ እጄ ወደቅኩና ክርኔ ወደ ውጭ ተጣመመ። ውይ! ከውስጥ በኩል የሆነ ነገር ሳብ ሲያደርገኝ ተሰማኝ። እማዬ ወዲያው ቅባት ይዛ ልታሸኝ መጣች። የቡድናችን ወጌሻ ግን፣ ሴትዮዋ ስትቆጣ ዳኛው ራሱ ይፈራታል፣ «የተጎዳ ጅማት በትኩሱ አይታሽም! በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙበት፣ እጇ ይረፍ፣ ሐኪም ይየው» አለች። ሐኪም አየው፤ ጅማቱ ተለጥጧል እንጂ አልተበጠሰም ተባለና ማሰሪያ ታሰረልኝ። እኔ ታዲያ ከሹራቤ ጋር አይሄድም ብዬ ሾልኬ እፈታዋለሁ።

«በረኛዋ! ማሰሪያሽስ?» ይላል አባዬ።

«ላናፍሰው ብዬ ነው አባዬ።»

«ክርንሽ ምንጣፍ ነው የሚናፈሰው? እሰሪ!»

እንዲህ የሚቆጣኝ ሰውዬ የራሱን ጣት ደብቆ ነበር! አስቡት እስኪ!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሐሙስ ነው። የሱቁን ቁልፍ በጣቶቹ ሳይሆን በመዳፉ ጨብጦ፣ ትከሻውን ጭምር እያዞረ ሲከፍት አየሁት። ዓርብ ደግሞ የውሃ ጠርሙስ ክዳን በጥርሱ ሲታገል።

«ጥርስህን ልታወልቀው ነው እንዴ?»

«ጠብቆ ነው።»

ተቀበልኩትና በሁለት ጣት ከፈትኩት። ጠርሙሱን በግራው ተቀበለኝ። 

ዛሬ ጠዋት ሱቅ ስገባ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነጩ ሳቲን ላይ ጎንበስ ብሏል። ጠጋ ብዬ ሳየው፣ እናንተዬ፣ መቀሷን በሱሪ ላስቲክ አውራ ጣቱ ላይ አስሯታል! ጥምጥም አድርጎ! ጣቱ ስሩ ላይ እንደ ዳቦ አብጧል፣ ቆዳው ሐምራዊ ሆኗል።

«አባዬ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ወለምታ ነው።»

«መቼ?»

«ሰኞ።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው'ኮ! ሰኞ ዝናብ ጥሎ፣ ሳቲኑን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወርድ አዳለጠው። ጨርቁን ጭቃ እንዳይነካው በግራው ወደ ላይ አንስቶ በቀኝ እጁ ወደቀና አውራ ጣቱ ተቀለበሰ።

«ግን ጠብታ አልነካውም» አለኝ። ፈገግ ብሎ! እንደ ልጅ! አንጀቴን በላኝ፣ መቆጣት ሁሉ አቃተኝ።

ላስቲኩን ቀስ ብዬ ፈታሁለት። ከዚያ ወጌሻችን ያሳየችን ነገር ትዝ አለኝና የልኬት ወረቀት ቀደድኩ።

«በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ያዘው። እንዳትለቅ።»

በግራው ያዘ። ስጎትተው ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልለቀቀም። በቀኙ ያዘ። ገና ሳብ ሳደርገው ሹልክ! ሁለታችንም ባዶ ጣቶቹን አየን።

«እንደገና» አለኝ። እንደገናም ሾለከ።

ጣቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ልፈትሽ አላልኩም፤ ወጌሻችን «እሱን ለሐኪም ተዉ፣ የቀረችውንም ጅማት ትበጥሷታላችሁ» ብላናለች። ክሊኒክ እንሂድ ስለው እምቢ አለ።

«ቬሎውን ልቁረጥና እሄዳለሁ። ለሙሽሪት ብቻ እንዳትነግሪያት፣ በኔ ምክንያት ነው ብላ ሠርጓን ሁሉ ታለቅሰዋለች።»

«እሺ አባዬ» አልኩና አንገቴን በበሩ አስግጌ «ሙሽሪት! ነይ ቶሎ!» ብዬ ጮህኩ።

መጣች። ጣቱን አየች፣ ላስቲኩን አየች፣ ሳቲኑን አየች፣ ገባት። «አባዬ ሙት፣ በተማሪ ቤት ዩኒፎርሜ አገባለሁ!» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«አይበቃሽም» አላት። እያለቀሰች ሳቀች፣ እየሳቀች ጫማውን አደረገችለት፣ ይዘነው ወደ ክሊኒክ ወጣን።

ዶክተሯ መጀመሪያ ራጅ አስነሳችው፣ አጥንቱ ደህና ነው። ከዚያ ጤነኛውንም የታመመውንም አውራ ጣት እየያዘች ቀስ ብላ ወደ ጎን ገፋቻቸው፣ እያወዳደረች። 

«አባት፣ በሌባ ጣትዎ በኩል ያለው ጅማት በከፊል ተቀዷል። ሙሉ ለሙሉ ቢበጠስ ኦፕራሲዮን ነበር። አሁን ስድስት ሳምንት ይታሰራል።»

«ዶክተር፣ ሠርጉ በሦስት ሳምንት ነው። አንድ ጨርቅ ብቻ ቆርጬ...»

«በዚህ ጣት መቀስ ከያዙ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። ያኔ ቶሎ ካልተጠገነ ጣትዎ እንደላላ ይቀራል፤ መርፌም በደንብ ላይዙ ይችላሉ።»

 አውራ ጣቱን እስከ አንጓው አቅፎ የሚይዝ፣ በሚለጠፍ ቀበቶ የሚዘጋ ማሰሪያ አደረጉለት።  

ሱቅ ስንደርስ አባዬ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ መቀሷን በግራው አነሳና እጀታዋን ወደ እኔ አዞረ።

«ነይ በረኛዋ።»

«እኔ?!»

«ሙሽሪት እያለቀሰች ሳቲኑን ታበላሸዋለች። አንቺ ኳስ ሲመጣብሽ አትሸሺም።»

 እኔ በቀኜ መቀሱን፣ እሱ በግራው ጨርቁን ወጥሮ፣ የኔም ክርን ታስሮ የሱም ጣት ታስሮ። ሙሽሪት የሚንገዳገደው ወንበር ላይ ሆና «ሁለት ሰባራ ተገጣጥሞ አንድ ልብስ ሰፊ ወጣው!» ስትል አባዬ ኮስተር አለ፣ ጢሙ ግን ሳቀ።

ቀጥ ያለውን ደህና ሄድኩ። ወገቡ ጋ ስደርስ ግን አባዬ በጠመኔ ያሰመረው መስመር ይታጠፋል። መቀሱ ከበደኝ፣ ቆምኩ። አባዬ ያን ጊዜ ጨርቁን ለቀቀና እጁ ወደ ማሰሪያው ሄደ። የሚለጠፈውን ቀበቶ ጠርር አድርጎ ግማሹን ከፈተው።

«አባዬ» አለች ሙሽሪት፣ በጣም ቀስ ብላ። 

እጁን አየ። እሷን አየ። ከዚያ ቀበቶውን መልሶ ለጠፈው፣ ከላይ በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው፣ ከኋላዬ መጥቶ አገጩን ትከሻዬ ላይ ሊያስቀምጠው ምንም አልቀረው።

«ጫፏን አትዝጊ። ጨርቁን ሳይሆን መቀሷን ከመስመሩ ጋር አዙሪ። ተንፍሺ እንጂ፣ በረኛዋ!»

ቆረጥኩት! ግን፣ ወይኔ፣ መጨረሻው ላይ በፀጉር ያህል ወልገድ አለብኝ። አባዬ ጎንበስ ብሎ አየው። ረጅም ጊዜ አየው። እንባዬ መጣ።

«ይሄ ሙሽራው የሚቆምበት ጎን ነው» አለ። «እሱ ደግሞ ፊቷን ነው የሚያየው።»

ከዚያ በታሰረ እጁ ጀርባ እንባዬን ጠረገልኝና «ቀጥይ፣ እጅጌው ቀርቷል» አለኝ።