እትዬ ጌታነሽን የሚያስወጣው ማሽን

አራት ቀን ሙሉ አንድ ማሽን እትዬ ጌታነሽን ከደጅ ሲመልሳቸው ሰነበተ። ማሽኑን እንዲህ ያስተማርኩት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔው ገሊላ ነኝ።

የሞላሌ በግ አርቢዎች ማኅበር አውራ በጎቹን ከመንደር መንደር እያዘዋወረ በጎች ያራባል። የትኛው አውራ ወዴት ይሂድ ሲባል ሁሌም ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ አባላቱ በስማቸውና በምስጢር ቁጥራቸው ገብተው የሚመርጡበት ድረ ገጽ ሠራሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ወዳጆ «እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልሠራ እኛ ወደ መዝገባችን፣ አንቺም ወደ እናትሽ ቤት» ብለውኛል።

ከአባላቱ አንዷ እትዬ ጌታነሽ በማኅበሩ ቢሮ ባለው ታብሌት ይገባሉ። «እንኳን ደህና መጡ» ይላቸዋል። የሚፈልጉትን አውራ ፎቶ ሲነኩ ግን «ስምዎን ያስገቡ» ይላል፣ እንደ አዲስ።

«አሁን ነገርኩት እኮ! ምን ዓይነቱ ዝንጉ ነው?»

«ይቅርታ እትዬ፣ አንዴ ይድገሙት።»

«ስድስቴ ደገምኩት! የክርስትና ስሜን ልጨምርለት?»

ሰው ሲገባ ዋናው ኮምፒውተር ለታብሌቱ ኩኪ የሚሏትን ትንሽ ማስታወሻ ይሰጠዋል። ታብሌቱ እሷን እያሳየ ከገጽ ገጽ ያልፋል። የእኔዋ ሁለት ሰዓት እንድትቆይ ነው የጻፍኳት፤ እሷ ግን ገና ስትሰጥ ትጠፋለች። ቤቴ በላፕቶፔ ስሞክረው ይሠራል፣ ቢሮ ሲደርስ እምቢ! ኮዱን ሦስቴ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ራሴንም ደህና አድርጌ ሰደብኩ።

ዓርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት ስደርስ ቢሮውን የሚከፍቱት አባባ ኪዳነ ወልድ መነጽራቸውን አድርገው ዋናው ኮምፒውተር ላይ ተደፍተዋል። አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ምን እያደረጉ ነው አባባ?»

«ይሄ ማሽን ባደረ ቁጥር ይሳሳታል ልጄ። ሁለት ሰዓት ሆኖ ሳለ ስምንት ይላል። በየጠዋቱ የማቃናው እኔ ነኝ።»

ሳቄ መጣ፣ አልቆም አለኝ። ማሽኑ ሌሊት በኢንተርኔት ሰዓቱን ያስተካክላል፣ አባባ ጠዋት ይመልሱታል። በሁለት ሰዓት የተሰጠች ኩኪ አራት ሰዓት ላይ ያበቃላታል። አባባ ያልነኩት ታብሌት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ያምናል፤ ጊዜዋ ያለፈባት መስሎት ይጥላታል። አራት ቀን ሙሉ ያንን ሰዓት እኔም አይቼዋለሁ! ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ሲል ምን ብዬ ልጠርጥር? ሐበሻ ነኝ እኮ!

«አባባ፣ ከእንግዲህ አይንኩት።»

«ተሳስቶ ይዋል?»

«ተሳስቶ ይዋል!» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ልጅቷ አበደች ሳይሉ አልቀሩም።

ሰዓቱን ወደ ስምንቱ መለስኩ። እትዬ ጌታነሽ ገቡ። ፎቶውን ነኩ። «ምርጫዎ ተመዝግቧል» አለ። እልልታቸው ገበያው ድረስ ተሰማ።

«አሁን ቀጣዩ ሰው እንዲገባ ‹ውጣ› የሚለውን ይንኩ» አልኳቸው።

«በስንት መከራ ገብቼ ነው የምወጣው! አልነካም!»

ከኋላቸው ሰልፍ የያዙት አቶ ይሥሐቅ ጮኹ፤ እትዬ ጌታነሽ ታብሌቱን በነጠላቸው ሸፈኑት። በዚህ መሃል ጋሽ ወዳጆ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ትርምሱን አዩ። ቀስ ብለው መዝገቡን ቁምሳጥን ውስጥ ከተቱና ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሙ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ገሊላ፣ የእኔ ምስጢር ቁጥር ስንት ነበር?» አሉኝ።