የተበሳችው ወርቅ

አሸተን ማርያም ድረስ በበቅሎዬ ያወጣኋቸው አዛውንት እንግዳ ሲሰናበቱኝ አንዲት የወርቅ ሳንቲም እጄ ላይ አኖሩ። አገራቸው የተመሠረተችበት ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር የተሠራች ናት። አስጎብኚ ነኝና ዋጋዋ አልጠፋኝም፤ ጭረት እንኳ ካልነካት ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል። እናቴ እንድታስቀምጥልኝ ሰጥቻት ለልጄ ክርስትና በግ ልገዛ ብልባላ ሄድኩ።

ስመለስ ሳንቲሟን በአንጥረኛ አስበስታታለች። ነገ ለሕፃኗ በሚታሰረው የማተብ ክር ላይ ተሰክታ ጠበቀችኝ።

«ምን ነካሽ፣ እማ?» አልኳት፤ የበጉ ገመድ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

«ምን ሆንኩ? አንተስ ክርስትና ስትነሳ ጠገራ ብር አስበስቼ አላሰርኩልህም?»

«ይህቺ እኮ ጌጥ አይደለችም። የአንድ አገር ልደት መታሰቢያ ናት። ከተበሳች ወዲያ ማን ዞር ብሎ ያያታል?»

እናቴ አልተቆጣችም። ሕፃኗን አቅፋ ክሩን አንገቷ ላይ ለካችው።

«እነሱ አገራችን ሃምሳ ዓመት ሞላት ብለው ወርቅ አሠሩ። የእኛዋም ነገ ሰማንያ ቀን ይሞላታል» አለች።

ሳንቲሟ የልጄ እንብርት ላይ ደርሳ ትወዛወዛለች።

«ክሩ ረዝሟል» አልኩ፣ መቼም አንድ ነገር ማለት አለብኝ።

«ታድግበታለች» አለች።