ቢላ ያልነካው ገላ

«ገላው ላይ ጠባሳ አጣሁ» አሉ ሸህ አሕመዲን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጀናዛ አጣቢ ያየውን ይሸሽጋል፤ አውቃለሁ። አፉ በይኝ ልጄ። ግን አባትሽ ዋሽቶኝ ይሆን?»

ሂዳያ ደነገጠች። ለቅሶ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ዳሱ ውስጥ ዱዓው ቀጥሏል። ሸሁ ከሽርጣቸው ሥር የሽንት ከረጢት አንጠልጥለዋል። ደሴ ኦፕራሲዮን ሲባሉ እሺ ያሉት የሂዳያ አባት ሐሰን ተቀድዶ መዳኑን አይተው ነበር። ከትናንት በስቲያ ጀናዛውን ሲያጥቡ ግን ሆዱም ወገቡም ቢላ ያላየው ሆኖ አገኙት።

«አልዋሸም» አለች። ሴት ልጅ የአባቷን ይህን ነገር፣ ያውም በለቅሶው፣ እንዴት ታወራለች?

የዛሬ ዐሥራ ሦስት ዓመት፣ ሐይቁን እንደ ጓሮው የሚያውቀው ሐሰን ሽንቱ ተዘግቶ ታንኳው ዳር ላይ ቀረ። ሚኒባሱ ጉድጓድ በመታ ቁጥር እየጮኸ ደሴ ያደረሰችው እሷ ናት። በሳምንቱ በእግሩ እየተንጎራደደ ገበያ ወጣ። «ምን አደረጉህ?» ሲሉት «ተቀድጄ ዳንኩ!» ይላል ደረቱን ነፍቶ። በየት በኩል እንደሆነ መናገር ግን አፈረ። እንዳፈረም ወደ አኼራ ሄደ።

«በቢላ አይደለም» አለች በመጨረሻ፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ። «በሽንቱ መንገድ ነው የገቡት፤ ጫፉ ላይ መብራት ባለው ቀጭን መሣሪያ። የዘጋውን ሥጋ ከውስጥ ፍቀው አወጡለት።»

«በ... በዚያው በኩል?»

«በዚያው።»

«አጂብ! ይኼ ሐሰን! ተቀደድኩ እያለ ይህን ሁሉ ዓመት ሲኮራብን!»

ሂዳያ ሳታስበው ሳቀች። «ይኩራ እንጂ! በሰባተኛው ዓመት መንገዱ መልሶ ጠብቦበት ያንኑ ደገሙለት፤ ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ላይ ወጥቶ መረቡን ጣለ። ለምርመራ ሲጠሩት አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ሐኪሞቹን ‹ዛሬም እንደ ጎረምሳ ነኝ› ይላቸው ነበር። የወሰደው ልቡ ነው፤ ያውም ታንኳውን እየጎተተ።»

ሸሁ ከረጢቱን በሽርጣቸው ላይ ዳበሱት። «እኔ በዚህ የተነሳ ከመስጊድ ቀርቻለሁ» አሉ። «ሰኞ የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮዬ ነው። ላልሄድ ወስኜ ነበር የመጣሁት።»

«እኔ እወስድዎታለሁ።»

ለመሄድ ተነሱ። ጫማቸውን ሊያደርጉ ጎንበስ ሲሉ ቱቦው ወጋቸውና ቀጥ አሉ። ሂዳያ በርከክ ብላ ጫማውን እግራቸው ሥር አቀረበችላቸው፤ የተጣመመውን ተረከዝ አቃናች። ሸሁ እግራቸውን ካስገቡም በኋላ እጇን ከጫማው ላይ አላነሳችም፤ ቀናም አላለች፤ የአባቷንም ጫማ እንዲህ ታቃና ነበር። እሳቸውም ሳይንቀሳቀሱ ጠበቋት።