ያልታሰረው ሽጉጥ

ዴልፊያ ኮምብስን በር ላይ ያቆማት የማንም እምነት አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ ሥራውን ስለጠላው ነው። የአጭር ሪቮልቨር ሰብሳቢዎች ማኅበር በጸደይና በመከር፣ በኬንታኪ ገጠር በሚገኝ የከብት ትርዒት አዳራሽ ውስጥ ገበያውን ይዘረጋል። ወንዶቹ ጠረጴዛቸው ኋላ ተኮፍሰው ስለ ብረት ማውራት ይወዳሉ። በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ «የያዝከውን አውጣ፣ ክፈተው፣ አሳየኝ» ማለት ግን ከጎረቤት ሁሉ ጋር መጣላት ነው። እሷ ያዘችው። ጥይት የሚሞላበትን የሽጉጡን ከበሮ ወደ ጎን ታወጣለች፣ የጥይቱን ቀዳዳዎች በጣቷ ትዳብሳለች፣ ከዚያ ቀይ የፕላስቲክ ማሰሪያ በብረቱ ውስጥ አሳልፋ ታጠብቃለች። የታሰረ ሽጉጥ ከበሮው አይገጥም፤ ያልገጠመ ደግሞ አይተኩስም።

«ዴልፊ፣ እኔንም እሰሪኝ እንጂ!» ይሏታል እየሳቁ።

«ላንተማ ማሰሪያ አላባክንም፤ ድሮም አትተኩስም!»

አዳራሹ ይስቃል። እሷ ግን እየሳቀች አልነበረም የምትሠራው። በጸደዩ ገበያ የራሷን ጠረጴዛ፣ በራሷ ስም ትፈልጋለች። ማኅበሩ እስከ ዛሬ ለሴት የሰጠው ጠረጴዛ የለም፤ ሚስቶች ከባሎቻቸው ጠረጴዛ ኋላ ኬክ ይሸጣሉ፣ አለቀ። ዴልፊያ ደግሞ የምታሳያቸው ሽጉጦች አሏት፦ የሌሊት ነርስ በካፖርቷ ኪስ የያዘችው፣ የአውቶቡስ ሹፌሯ ከወንበሯ ሥር ያኖረችው፣ የመጠጥ ቤት አሳላፊዋ በሽርጧ ያዞረችው። ሁሉም አፈ ሙዛቸው ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ሁሉም የሴት እጅ ያፈዘዛቸው። ትምህርቷን ጥላ በከብት መኖ መደብር ጆንያ እየጫነች ነው የሰበሰበቻቸው። ማንም አላስተማራትም። የወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ፈትታ፣ መግጠም አቅቷት አልቅሳ፣ ደግሞ ገጥማ ነው ያወቀችው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አርቪል ስታምፐር «ይህን መከር ያለ እንከን ጨርሺልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» ብሏታል።

እንከኑ የመጣው ከሆሊስ ፕሩት ነበር።

ሆሊስ ማኅበሩን የመሠረተ ሽማግሌ ነው። ያለ ሽጉጥ ከቤት መውጣትን ያለ ሱሪ እንደ መውጣት የሚቆጥር፣ አንዱን በኪሱ፣ አንዱን ቁርጭምጭሚቱ ላይ በቆዳ ማኅደር አስሮ የሚኖር ሰው ነው። አንድ ጊዜ ሱሪውን ገለብ አድርጎ አሳይቷታል። «ጠረጴዛ ላይ ያሉት ስብስቤ ናቸው፤ ይሄኛው ግን እግሬ ነው» ነበር ያላት። የዚያን ዕለት ጠዋት የጠረጴዛውን ሽጉጦች ሁሉ አንድ በአንድ አሰረች፣ የኪሱንም አሰረች።

«ሌላ አለ፣ ጋሼ ሆሊስ?»

«የለም፣ ልጄ» አላት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ። ሐሰት ያለበት ዓይን አልነበረም። ደግሞስ የሆሊስን እግር ማን ይፈትሻል? የጳጳስ ኪስ እንደ መፈተሽ ነው።

ረፋዱ ላይ አንድ ከብት አርቢ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ስለ ድሮ ሽጉጦች ምላጭ ልስላሴ ጠየቀው። ሆሊስ ደስ አለው። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ በእጁ አንድ አጭር ሪቮልቨር ይዟል። «ስማው እስቲ፣ እንደ ቅቤ ነው» ብሎ ሳበው። ጥይቱ ጠረጴዛውን በስቶ ከሰውየው ቦት ጫማ አጠገብ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ሰጋቱራ ውስጥ ተቀበረ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተዘረጋ። ማንም አልተጎዳም፤ ከብት አርቢው ብቻ ሁለቱን እግሮቹን ደጋግሞ እየዳበሰ ይሳደባል።

አርቪል ሽጉጡን ከሽማግሌው እጅ ወስዶ ጥይቱን አራገፈና ከፍ አድርጎ አሳየ። «ማሰሪያ የለውም!»

የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«እኔ ጠዋት ሁሉንም ለልጅቷ ሰጥቻታለሁ» አለ ሆሊስ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

ዴልፊያ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ መጣች። ሽጉጡን ለማወቅ በእጇ መያዝ እንኳ አላስፈለጋትም። አንድ ጎኑ ከቆዳ ጋር ዕድሜ ልኩን ተፋትጎ ጥቁረቱ ለቋል፤ በመገጣጠሚያው ላይ የካልሲ ክር ተሰግስጓል። እሷ ያየችውን አርቪልም አይቷል። ክንዷን ይዞ የሎሚ ጭማቂ ከሚሸጥበት ኋላ ወሰዳት።

«ያወቅሽውን አውቃለሁ» አላት። «አሁን ስሚኝ። የአዳራሹ ባለቤቶች ምክንያት ይፈልጋሉ። ደክሞኝ አንዷ አመለጠችኝ በይ፣ በቃ። በጸደይ ጠረጴዛሽ መሐል ረድፍ ላይ ነው፣ ስምሽ በትልቁ።»

«አመለጠችኝ ያለች በር ጠባቂ ጠረጴዛ ላይ ማን ይቆማል? ሊስቁ ካልሆነ?»

«ሰው ይረሳል።»

«የሚረሳው ሆሊስ ነው! ለምን እሱ ረሳሁ አይልም?»

አርቪል ዙሪያውን አየ። «ረሳሁ ካለ ሴት ልጁ ዛሬ ማታ መጥታ ሽጉጦቹን ሁሉ ትነጥቀዋለች። መኪናውን ወስዳበታለች። እዚህ ካለነው ግማሻችን ሽማግሌ ነን፣ ዴልፊ። ዛሬ እሱን አሳልፈን ከሰጠን ነገ የማን ተራ ነው?»

«ለእናንተ እርጅና እኔ ልቀበር?»

«እውነት እያደር ይጠራል፣ ታውቂያለሽ።»

«እሱ እስኪጠራ እናንተ ሞታችሁ፣ እኔም ‹ጥይት ያስገባችው ሴትዮ› ስባል አርጅቼ! አላደርገውም፣ ጋሽ አርቪል። ጠረጴዛዎን ለሚስትዎ ኬክ ያቆዩት።»

ትታው ሄደች። ሆሊስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተበሳውን የጠረጴዛ ጨርቅ በጣቱ ይደባብሳል። ጓደኞቹ ከበውታል፣ አንዱ ውኃ ይዞለታል።

«ጋሼ ሆሊስ፣ ሱሪዎን ከፍ ያድርጉ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ከማንም ዓይን አንድ ክንድ የማይርቅ ነገር ነበር፤ አንድ ሰው ቢያጎነብስ ያልቃል። ሰዎቹ ጣሪያውን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ የታሰረ ሽጉጣቸውን አዩ። የሆሊስን እግር ግን ማንም አላየም።

እሷ ተንበረከከች። የሱሪውን ጫፍ ገለጠችው። ማኅደሩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነበር፣ ክፍት፣ ባዶ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ፀጉሯን መታ መታ አደረጋት። «ላልቶብኛል እንዴ? ጎሽ የኔ ልጅ፣ ጠበቅ አድርጊልኝ።» ከዚያ እጁን ሰደደና ቆዳውን ዳበሰ። ፊቱ ተለወጠ። «የታለ? እዚህ ነበረ እኮ። ማን ወሰደው?»

ዴልፊያ ለሚዋሽ ሰው ያዘጋጀችው ስድብ ምላሷ ላይ ቀረ። የዋሸማ እሱ አልነበረም። የዋሹት እነዚህ የቆሙት ናቸው፤ መርሳቱን መሸፋፈን መቼ እንደጀመሩ ደግሞ እነሱ ያውቃሉ።

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ። የአርቪል ድምፅ ነው። «ወገኖቼ፣ በበሩ ላይ ትንሽ ስህተት ተፈጥሮ ነበር፤ ታርሟል። በሩን ሌላ ሰው ይዞታል። ገበያችሁን ቀጥሉ፣ ትኩስ የቺሊ ወጥ ደርሷል።»

ጫጫታው ተመለሰ። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ዋጋ ጠራ። ከብት አርቢው ወደ ቺሊው ሰልፍ እየሄደ እሷን በአገጩ ለጓደኛው አሳየው።

ሆሊስ እጅጌዋን ይዞ ነበር። «ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ማን ወሰደው?»

ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች። «እነሱ ያውቃሉ፣ ጋሼ። እነሱን ይጠይቁ» አለችውና ወደ በሩ አመራች።

ከኋላዋ ወንበር ሲንኳኳ ሰማች። ሽማግሌው ተነሥቶ ነበር። «አርል፣ አየኸው? ክሊተስ፣ አንተስ?» እያለ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞር ጀመር። እሷ ደጅ እስክትወጣ ድረስ የመለሰለት ሰው አልነበረም።