የልጄን ትንፋሽ

ሁዳ ደም በሰጠች በዘጠነኛው ቀን ማለዳ የሩጫ ጫማዋን ስታስር፣ አያቷ እማማ ጀዋሪያ ወንበር ስበው በሩ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲህ በላዬ ላይ ዘለሽ ውጪ!» አሉ።

«እማማዬ፣ ነርሷ እኮ ሁለት ቀን እረፊ ነው ያለችኝ። ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነኝ።»

«ነርሷ ናት ያሳደገችሽ? በስድስት ወርሽ የሳንባ ምች ይዞሽ ስታጣጥሪ አዝዬ የተንከራተትኩት እኔ! ከረጢት ሙሉ ደም ቀድተውብሽ ሲያበቁ ሩጪ ይሉሻል። የቧንቧ ውሃ መሰላቸው?»

ሁዳ ሳቀች። ወንበሩን ከነአያቷ ገፋ አድርጋ፣ ግንባራቸውን ስማ ወጣች።

እማማ ጀዋሪያ አልሳቁም። ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ሽርጥና ሻሽ እየሸጡ ሃያ ዓመት ያሳደጓት አንዲት የልጅ ልጃቸው ናት። ስታስነጥስ እንኳ የሚደነግጡላት።

ደሙን የሰጠችው ለበለጡ ነው። በለጡ ሀራሙስ ሰፈር ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ማህፀኗን ኦፕራሲዮን ስትሆን ደም አነሳት፤ በዚህ በሰው አገር የሚሰጣት ዘመድ የላትም። የአገሯ ልጅ ኤሌኒ፣ ከእማማ ጀዋሪያ ሱቅ ጎን ጸጉር የምትሠራው፣ ሰፈሩን እየዞረች ስትለምን ሁዳ «የኔ ይሆናት ይሆን?» ብላ ተነሳች። ሆናት። በለጡ ተረፈች፤ አሁን ኤሌኒ ዘንድ ተኝታ እያገገመች ነው።

ያኔ እማማ ጀዋሪያም «አላህ ይቀበልሽ» ብለው መርቀዋታል፤ ከልባቸው ነበር። ፍርሃቱ የመጣው ኋላ ነው።

ሌላ ጊዜ ሁዳ በባሕሩ ዳር እስከ ሄሮን ሰፈር ደርሳ፣ ስታፏጭ ነበር የምትመለሰው። የዚያን ቀን ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጥታ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለች፤ ራሷን በጉልበቶቿ መሃል ቀብራ ታለከልካለች።

«አሰልጣኜ ሙሚን ነግሮኛል» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «ለሦስት ሳምንት ያህል ቶሎ ትደክሚያለሽ፤ ቀስ እያልሽ ሩጪ፣ ሰዓትሽን አትዪ ብሎኛል። ውድድሩ ገና ነው።»

እማማ ጀዋሪያ አንዱንም አልሰሙ። ሻሻቸውን ጣል አድርገው ቀጥታ ወደ ኤሌኒ ቤት ሄዱ።

የሄዱት እንዴት አደርሽ ለማለት ብቻ ነበር፤ ኋላ ለራሳቸው እንዲህ ብለው ይምላሉ። ኤሌኒ ከፊት ባለው ክፍል የደንበኛ ጸጉር በማድረቂያ ትሠራለች። የጓዳውን መጋረጃ ገልጠው ሲገቡ፣ በለጡ ፍራሽ ላይ ተደግፋ ብርቱካን ትልጣለች፤ ፊቷ ወዝ ይዟል። ያንን ወዝ ሲያዩ አፋቸው አመለጣቸው።

«አንቺማ ቀላሽ! የኔዋ ደጃፍ ላይ ተዘርግታ ታለከልካለች። የልጄን ትንፋሽ ወሰድሽ!»

ከመጋረጃው ወዲያ ማድረቂያው ዝም አለ።

በለጡ ብርቱካኑን አስቀመጠች። እጅጌዋን ቀስ ብላ ሰበሰበች፤ መርፌው የነበረበት አሁንም እንደጠቆረ ነው።

«እማማ፣ የሚመለስ ከሆነ ይውሰዱት» አለች። «ሐኪም ቤት እንሂድና ይቅዱልኝ።»

ቀልዷን ቢሆን በወደዱ። ቀልዷን አልነበረም።

«ኧረ... እንዲያው ጨንቆኝ ነው» ብለው ወጡ። ደንበኛዋ ግማሽ ጸጉሯ ቆሞ አፍጥጣ አየቻቸው። ቸር ይዋሉ ያላቸው የለም።

ለማንም ላይናገሩ ወሰኑ። በማግስቱ ለሁዳ ጉበት ሲጠብሱ ለበለጡም ድርሻዋን ቋጠሩ። ኤሌኒ በር ድረስ ይዘው ሄዱ፤ ለማንኳኳት እጃቸውን አነሱ፣ መለሱት። ጉበቱን የጎረቤት ድመት በላችው።

በአራተኛው ቀን ሁዳ ከሩጫ ስትመለስ አታለከልክም። ፊቷ ግን ጠቁሯል።

«በለጡ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«ሥራ ገባች። አንድ ወር እረፊ የተባለች ሰው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት! ለኤሌኒ ምን ብላት እንደሄደች ታውቂያለሽ? ‹የሰው ልጅ አድክሜ እዚህ ተጋድሜ ብርቱካን አልልጥም።› እማማዬ፣ ምንድን ነው ያልሻት?»

ትንሽ ቀንሰው ሊነግሯት አሰቡ። ከዚያ እንዳለ ነገሯት፣ ከነወዙ።

ሁዳ ብትጮህባቸው እሳቸውም ይጮኹ ነበር። አልጮኸችም። «ዛሬ አምስት ኪሎ ሜትር ሳላቆም ሮጥኩ» አለች። «እሱን ልነግራት ነበር ኤሌኒ ጋ የገባሁት።» ጫማዋን ለመፍታት ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

እማማ ጀዋሪያ ያንን ጀርባ ጥቂት አዩት። «ቤቱን ታውቂዋለሽ?» አሉ። «ውሰጂኝ።»

ሀራሙስ ሲደርሱ በለጡ ራሷ በሩን ከፈተች፤ አንድ እጇ ሆዷን ደግፏል። እማማ ጀዋሪያን ስታይ ደነገጠች።

«እማማ! ሁዳ ምን ሆነች?»

ምድር ብትከፈት በገቡ። ሁዳ ከኋላቸው ብቅ አለች።

«ደህና ናት፤ ይቻትና! የመጣሁት ለኔ ጉድ ነው። አፌን በቆረጠው። አፉ በይኝ ልጄ፣ አፉ በይኝና ነይ ተኚ።»

«ኧረ እማማ፣ ገብቶኛል። እናት አይደሉ?» ዓይኗን ግን ወደ መሬት ጣለች። «ማዳም አሁን አትለቀኝም። ሐሙስ እንግዳ አለባት፤ የሚተኮሰው ልብስ ተቆልሏል።»

«እኔ እተኩሰዋለሁ።»

ልጆቹ ተያዩ። እማማ ጀዋሪያ የገዛ ቀሚሳቸውን እንኳ በሰው ነው የሚያስተኩሱት። ማዳም ስትወጣ ግን ሱቅ ውስጥ በለቃቀሟት ፈረንሳይኛ፣ በለጡ ትተኛ፣ እኔ ልሥራ አሏት። ማዳም ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና ትከሻዋን ነቀነቀች። እስከ ሐሙስ፣ አለች።

በማግስቱ ሁዳ ከሄሮን አቅጣጫ እየሮጠች መጥታ፣ የሠራተኛዋን ክፍል መስኮት አንኳኳች። «ሰባት!» ብላ ጮኸች።

«ትንፋሽሽስ?»

«አለ! ገና ይከብዳል፣ ግን አለ!»

ወሬውን የምታቀብለው ለበለጡ ብቻ ነው። እማማ ጀዋሪያ በሚቀጥለው ክፍል ካውያውን ይዘው በተከፈተው በር ሰሙ። ለኔም ንገሪኝ የሚሉበት አፍ አልነበራቸውም። ሁዳ ስትርቅ ኮቴዋን ሲያዳምጡ ቆዩ።

«እማማ፣ የሚቃጠል ሸተተኝ» አለች በለጡ ከአልጋዋ።

ካውያውን ብድግ ሲያደርጉ የማዳም ባል ነጭ ሸሚዝ ኮሌታው ላይ ቡናማ ሆኗል።

«ያ አላህ! ምን ልበላት?»

«ምንም አይበሉ። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት እላታለሁ፤ እኔ ቁጣዋን ለምጃለሁ» አለች በለጡ፣ ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጋ እግሯን ወደ መሬት እያወረደች።

እማማ ጀዋሪያ ካውያውን ነቅለው አስቀመጡ። ገብተው እግሯን በገዛ እጃቸው አልጋው ላይ መለሱት፣ ብርድ ልብሱንም አለበሷት።

«አትዪም» አሉ።

ሸሚዙን፣ ቃጠሎው እንዲታይ ገልጠው ያዙና፣ የሳሎኑን በር አንኳኩ።